ከጃፓን የመጣው ሸክላችሁ ቢሮጥ ወይም ቢጎተት፣ ከመመለሳችሁ በፊት

ለክቡራን ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ የ1980ዎቹን የጃፓን ፖፕ ሸክላዎች በትክክለኛ ፍጥነት ስለማጫወት

የማትሱዳ ሴይኮን፣ የናካሞሪ አኪናንና የታኬኡቺ ማሪያን ሸክላዎች ከገዛችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ቅሬታ ልካችሁልናል። ገሚሶቻችሁ “ዘፈኑ ይሮጣል፣ የዘፋኟ ድምፅ የሕፃን ይመስላል” ትላላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ “ይጎተታል፣ ባትሪው ያለቀ ቴፕ ይመስላል”። ተመልሰው ከመጡት ሸክላዎች አብዛኞቹ ምንም ጉድለት የለባቸውም። ጉድለቱ ያለው ማጫወቻው ላይ ነው፤ በተለይ ማጫወቻው ራሱ ከጃፓን የመጣ ከሆነ። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የመብራት ነው። ጃፓን አንድ አገር ሆና ሁለት ዓይነት የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ (ኃይሉ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ በኸርዝ የሚለካ) አላት፤ ቶኪዮና ምሥራቁ በ50 ኸርዝ፣ ኦሳካና ምዕራቡ በ60 ኸርዝ ይሠራሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ ጄኔሬተሩን ከጀርመን፣ ኦሳካ ከአሜሪካ ገዝተው ነበርና ልዩነቱ እስከ ዛሬ ቆይቷል። የብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስነው በዚሁ ድግግሞሽ ነው። ስለዚህ ለቶኪዮ የተሠራ ማጫወቻ 60 ኸርዝ ባለባቸው ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሲሰካ 20 በመቶ ይፈጥናል። በደቂቃ 45 ዙር መዞር የነበረበት ሸክላ 54 ይዞራል፤ 4 ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን በ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያልቃል፤ ድምፁም ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል (በፒያኖ ሦስት ተከታታይ ቁልፍ ወደ ላይ እንደ መሄድ) ከፍ ይላል። ለኦሳካ የተሠራው 50 ኸርዝ ባለባቸው አዲስ አበባ ወይም ቴል አቪቭ ሲሰካ ደግሞ 37 ዙር ተኩል ብቻ ይዞራል፤ ያው ዘፈን 4 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይወስዳል።

ጆሮ ይህን በቀላሉ የማይይዘው ለምን እንደሆነ መናገር ተገቢ ነው። ፍጥነቱ ሲቀየር ድምፆቹ ሁሉ እኩል ከፍ ወይም ዝቅ ስለሚሉ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይፈርስም፤ ቅኝቱ እንዳለ ነው። ዋናውን ዘፈን ከዚህ በፊት ያልሰማ ሰው የማትሱዳ ሴይኮን ቀጭን ድምፅ ሦስት ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ቢሰማው “ድምፅዋ እንዲህ ነው” ብሎ ለዓመታት ሊያዳምጠው ይችላል። እኛን የሚያሳዝነን ይህ ነው።

ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። በሚሽከረከረው ሳህን ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፤ ፍጥነቱን 45 ላይ አድርጉ፤ በስልካችሁ ሰዓት አንድ ደቂቃ ይዛችሁ ዙሩን ቁጠሩ። 45 ከመጣ ደህና ነው። 54 ወይም 37 ከመጣ ድግግሞሹ ነው። 43 ወይም 44 ከመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የላላ የጎማ ቀበቶ ስለሆነ ቀበቶውን መለወጥ ይበቃል።

ድግግሞሹ ከሆነ አንድ ነገር አጥብቀን እንንገራችሁ፤ ትራንስፎርመር አያድናችሁም። ትራንስፎርመር 220ውን ቮልት ወደ ጃፓኑ 100 ያወርዳል፤ ይህም ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ ከሰካችሁት ማጫወቻው ይቃጠላል። ድግግሞሹን ግን አይነካውም። የሚፈታው ሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር ለአገራችሁ ድግግሞሽ በተሠራች በመለወጥ ነው፤ አንዳንድ ማጫወቻ ከሳህኑ ሥር 50 እና 60 የሚል ምልክት ስላለው በመጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ። ፍጥነታቸውን በመብራቱ ድግግሞሽ ሳይሆን በኳርትዝ ክሪስታል የሚቆጣጠሩ፣ እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ 2 ያሉት፣ ይህ ችግር ጭራሽ የለባቸውም። አሜሪካ ያላችሁ፣ ማጫወቻው 120 ቮልት ላይ ቢሠራም እንኳ ስለሚግል፣ ወደ 100 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙለት።

ሌላው ስህተት የስፋት ነው። 12 ኢንች የሆነ ሁሉ በ33 ዙር አይጫወትም። በ1984 ‹ቫራይቲ› በተባለው አልበም ላይ የወጣው የታኬኡቺ ማሪያ ‹ፕላስቲክ ላቭ› በ1985 ለብቻው በ12 ኢንች ተለቅቋል፤ እንዲህ ያሉት ሲንግሎች (አንድ ሁለት ዘፈን ብቻ የያዙ ሸክላዎች) ብዙ ጊዜ በ45 የሚዞሩ ናቸውና መሃል ያለውን ወረቀት ሳታነቡ መርፌ አታሳርፉ። ባለ 7 ኢንቾቹ ደግሞ ጃፓኖች “ዶናት” የሚሏቸው፣ መሃላቸው 38 ሚሊ ሜትር ያህል የተቀደደ ነው። የፕላስቲክ መሙያውን ካላስገባችሁ ወይም ልል ከሆነ ሸክላው ከመሃል ይወጣል፤ ድምፁም በየዙሩ ይዋዥቃል።

ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ ጭረት ነው ብላችሁ አትደንግጡ። በጃፓን የዝናብ ወቅት እርጥበት የሚያመጣው ሻጋታ ነው። በግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ (ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው፣ አሲዱ ሳይሆን ውሃው) 2 ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ፣ በለስላሳ ጨርቅ የቦዮቹን አቅጣጫ ተከትላችሁ ጥረጉ፤ አቋርጣችሁ ከጠረጋችሁ ቆሻሻውን ወደ ቦዩ ትቀብሩታላችሁ። የመሃሉን ወረቀት አታርጥቡ። ከዚያ በንጹሕ የተጣራ ውሃ ደግማችሁ አቁማችሁ አድርቁ። በ78 ዙር ለሚዞሩት አሮጌ ሸክላዎች አልኮል ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ ያሟሟቸዋል።

ከ1988 ጀምሮ የወጡትን ባለ 8 ሴንቲ ሜትር ትናንሽ ሲዲዎች የምታዙ፣ መኪና ውስጥ ባለው በቀዳዳ በሚውጥ ማጫወቻ እንዳትከቱ፤ አይወጡም።

“ትዝታ የሚመስል ላኩልን” ለምትሉ ደግሞ፣ የ1980ዎቹን የከተማ ፖፕ (ሲቲ ፖፕ የሚባለውን የጃፓን ስልት) አታዙ። የያማሺታ ታትሱሮና የታኬኡቺ ማሪያ ሥራዎች የአሜሪካን ሶልና ፈንክ የተከተሉ፣ በኮርድ የበለጸጉ ናቸው። እናንተ የምትፈልጉት ያለው ኤንካ በሚባለው የጃፓን የናፍቆትና የሐዘን ዘፈን ስልት ውስጥ ነው። እዚያ የሚዘወተረው ‹ዮናኑኪ› የሚባለው የጃፓን ስኬል (ቅኝት) ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውንና ሰባተኛውን ይዘላል፤ የሚቀሩት አምስቱ በሜጀር የኛው ትዝታ ሜጀር፣ በማይነር የኛው ትዝታ ማይነር ናቸው። ለመጀመሪያ ግን፣ ኤንካ ባይሆንም፣ የምንመክረው የ1961ዱን የሳካሞቶ ኪዩ ‹ኡዌ ኦ ሙይቴ አሩኮ› ነው፤ ዜማው የናካሙራ ሃቺዳይ ነው። እንባ እንዳይወርድ ቀና ብሎ ስለሚራመድ ሰው ይዘፍናል። በ1963 አሜሪካ ላይ ‹ሱኪያኪ› በሚል፣ ከዘፈኑ ጋር ምንም በማይገናኝ የምግብ ስም፣ የቢልቦርድን (የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ) አንደኛ ደረጃ ይዟል።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ካልተስተካከለ የሸክላውን መለያ ቁጥር፣ የማጫወቻውን ሞዴል፣ በአንድ ደቂቃ የቆጠራችሁትን ዙርና በስልክ የተቀዳ የ30 ሰከንድ ድምፅ ላኩልን። በየዙሩ በአንድ ቦታ የሚመለስ “ጠቅ” የሚል ድምፅ ወይም የተጣመመ ሸክላ ከሆነ ጥፋቱ የሸክላው ነው፤ የመመለሻውን የፖስታ ወጪ እኛ እንችላለን።

ከሰላምታ ጋር
የሱቁ ሠራተኞች