በዜማው አትታለዪ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

አክስትሽ አንቺ ከምታስተምሪበት ከመርሳ ስትመለስ እኛ ጋ አድራ ሄደች። ልጅሽ ከስታለች አለችኝ። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ነገር ነው። ክፍልሽ ገብታ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ገጹን ሲያወርዱት ሰምታ ደስ ብሏት ነበር። አንዷን ትንሽ ልጅ ጠርታ ከመሀል አንድ ቃል ስታሳያት ግን፣ ልጅቷ ከመጀመሪያው መስመር ተነስታ እንደ መዝሙር እያዜመች መጣች። ጣቷ "ላም" ላይ ሳለ አፏ "ቤት" ይላል።

ልጄ፣ በዜማው አትታለዪ። ስልሳ ልጅ አብሮ ሲጮህ የሚያነቡት ጥቂቶቹ ናቸው። ሌላው ተከታይ ነው።

አጎትሽን ታውቂዋለሽ፣ ጋዜጣ ከያዘ ቡናው የሚቀዘቅዝበትን። ስለ ልጅነቱ ማውራት ስለማይወድ እኔ ልንገርሽ። የኔታ ዘንድ አብረን ነበር የምንሄደው። ጆሮው ለጉድ ነው። የፊደል ገበታውን ከሁላችን ቀድሞ በቃሉ ያዘው፣ ሰፈሩ አደነቀው። አቡጊዳ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። አቡጊዳ ፊደሉን ከለመዱት ተራ ያወጣዋል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ሰያፍ ይሄዳል። ልጁ መልኩን ይለይ እንደሆነ እዚያ ላይ ይታወቃል። የኔታ ከሀ ሊያስጀምሩት ሲሉ አባታችን አስወጥቶ አስኳላ አስገባው። እዚያ ከተራ አውጥቶ የጠየቀው የለም። ጓደኛው ሲያነብ ሰምቶ ይይዛል፣ ተራው ሲደርስ ይለዋል። እንዲህ እያለ 4ኛ ክፍል ደረሰ። አንድ ቀን መምህሩ አይቶት የማያውቀውን ገጽ ገልጠው አንብብ አሉት። ዝም አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። በማግስቱ ደብተሩን ጥሎ በግ ጥበቃ ወጣ። እናታችን አልቅሳ ለምናው አልተመለሰም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸ ነው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም እኮ።

ማንበብ የቻለው በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ነው። ማታ ማታ በፋኖስ ይማር ነበር። ያስተማረችው ልጅ በዕድሜ ብዙም አትበልጠውም። ፊደሎቹን ካርቶን ላይ ጽፋ፣ ቆራርጣ፣ ጠረጴዛ ላይ በትና "ስምህን ልቀም" አለችው። ከዚያ ወዲያ የስኳር መጠቅለያ ሳይቀር ያነብ ነበር።

አንቺም ካርቶን ቁረጪ። የዘይት ካርቶን ከሱቅ ለምኚ። 231ዱን ፊደል እስኪጨርሱ አትጠብቂ። የለ ቤትንና የመ ቤትን ብቻ ይዘሽ ላም፣ ሎሚ፣ ሙሉ፣ መላ ይወጡልሻል። "ሎሚ"ን በገዛ እጁ ገጣጥሞ ያነበበ ልጅ ፊቱ ምን እንደሚመስል አንቺው ታዪዋለሽ። ሥዕሉን በእጅሽ ሸፍኚው፤ ሥዕል አይተው የሚገምቱ አሉ። ሌሎቹ ሲጽፉ በቀን አምስት አምስት ልጅ ለብቻ አስነብቢ። ከሁለት ሳምንት ትንሽ አለፍ ብሎ ሁሉም ይዳረሳሉ።

አክስትሽ አርጩሜ አየሁም ብላለች። ለማመልከቻ ከሆነ ይሁን። ለሌላ ከሆነ ዛሬውኑ ስበሪው። የሚፈራ ልጅ ፊደል አይታየውም።

የሁሉም ችግር ነው እንዳትዪኝ፣ አውቃለሁ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶው ገደማ ከተሰጣቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳን በትክክል አላነበቡም። እነዚያ ልጆችም በዜማ ሳይሉት አይቀሩም። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ በዜማ እንዲያደምቁልሽ አታድርጊ። ጭብጨባው ላንቺ ነው፣ ዕዳው ለልጆቹ።

የተረት መጻሕፍቱ እንዳይቀደዱ ተብሎ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎባቸዋል ብለሽኝ ነበር። ይቀደዱ! ተነቦ የተቀደደ መጽሐፍ በፕላስተር ይጠገናል። ፈርመሽ አውጪያቸው። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እኮ በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አስጭነው ልጆች ወዳሉበት ያደርሱ ነበር። ያንቺ መጽሐፍ ያለው ከግቢው ሳይወጣ ነው። ከመውጫው ደወል በፊት አሥር ደቂቃ አንቺ አንብቢላቸው፤ አታስደግሚያቸው፣ ጥያቄም አትጠይቂያቸው። ጅቡ በሩን ሲያንኳኳ መጽሐፉን ክደኚና "ነገ" በይ። በማግስቱ ማን ቀድሞ እንደሚመጣ እይ።

አሁን ወደ መክሳትሽ ልምጣ። የኔ እናት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደብተር ማረም ተዪ። በሶና ሽሮ በአጎትሽ ልጅ ልኬያለሁ፤ በሶውን ጠዋት ሳትበጠብጪ አትውጪ። ማርከሮቹ ከላይ ናቸው። ክዳናቸውን ካልገጠምሽ ይደርቃሉ፣ ለልጆቹም አትስጫቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደውዪልኝ። ስለ ክፍሉ በሙሉ አትንገሪኝ፤ ለብቻው ያነበበልሽን አንድ ልጅ ንገሪኝ።

እናትሽ