ማዘጋጃ ቤት ስንል ቴአትሩንም አንርሳ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ከተማችን ቅርሶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ቦታ ግን ዘላችኋል፤ የማዘጋጃ ቤቱን ቴአትር።

ሕንፃው ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ቆሞ፣ ቁልቁል ወደ ለገሃር ያያል። የነደፈው አፍሪካ አዳራሽን የሠራው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ውበቱ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ ለከተማ አስተዳደር ቢሮ ሲሠራ፣ እዚያው ቴአትር ቤት ታስቦበታል! ፋይል ይዞ የሚመላለስ ባለጉዳይና ትኬት የያዘ ተመልካች የአንድ ግቢ ሰዎች ሆኑ።

ልጅ ሆኜ እሑድ ከሰዓት እናቴ ትወስደኝ ነበር። በር ላይ ስንደርስ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ የኔን ኮሌታ ታቃናለች። መብራቱ ሲጠፋ እጇን ጭምቅ አደርጋለሁ። በሥራ ቀን ለጉዳይ ስትሄድ ግን ነጠላውን ማን ያየዋል! ፊቷ ገና ከበሩ ይኮሳተራል።

ዛሬ ብዙ ወጣት አዳራሹን ያውቀዋል፤ ማን እንደነደፈው ብትጠይቁት ግን ትከሻውን ይነቀንቃል። ትኬቱ ጀርባ ላይ ሁለት መስመር ታሪክ ቢታተም ምን አለበት? ወጪውም ያው ቀለም ነው።

አክባሪያችሁ፣
የፒያሳ ልጅ