ለበረሃ አደን ፈቃድ ሲሰጥ ስለ ውኃውም ይጠየቅ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ስለ ስፖርታዊ አደን ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ እዚህ ጅማ ሆኜ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው አገራችን ከአደን ስለምታገኘው የውጭ ምንዛሪ፣ በባሌና በአርሲ ተራሮች ስለሚኖረው ስለ ደጋ አጋዘን፣ እንዲሁም እንግዶቹ ስለሚይዟቸው ጠመንጃዎች ብዙ ነገር አስጨብጠውናል። በአፋር ቆላ ስለሚካሄደው አደን ግን በጥቂት መስመሮች ብቻ አልፈው፣ ጠንካራ መኪናና ጥሩ ተኳሽ ካለ ሌላው በቀላሉ የሚሟላ እንደሆነ አድርገው ጽፈዋል። ለበርካታ ዓመታት በአንድ የአደን ድርጅት ውስጥ የካምፕ አቅርቦት ሠራተኛ ሆኜ፣ ነዳጁን፣ ጨውን፣ ስንቁንና ከሁሉም በላይ ውኃውን ሳስጭን የኖርኩ ሰው በመሆኔ በዚህ ሐሳብ መስማማት አልቻልኩም። በበረሃ አደን ዝግጅት ማለት በመጀመሪያ ውኃ ነው፤ ጠመንጃው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፈቃዱ ሲሰጥ ግን ስለ ጠመንጃው እንጂ ስለ ውኃው ጠያቂ የለም።

ሕጉ ስለ ሌላው ነገር ዝም አላለም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና እርሱን ተከትሎ የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163/2000 አደን በፈቃድ ብቻ እንዲካሄድ ያዛሉ። የውጭ አገር እንግዳ ያለ ፕሮፌሽናል አዳኝ አያድንም፤ የሚገደለው እንስሳ ዓይነትና ቁጥር በኮታ ይወሰናል፤ ቦታውም የተከለለ ነው። መሣሪያውን በተመለከተ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። በመንገድ ላይ በየኬላው የጠመንጃው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ሲመሳከር፣ ጥይቱ አንድ በአንድ ሲቆጠር አይቻለሁ፤ ተገቢም ነው። ከኋላ የሚከተለው የጭነት መኪና ባዶ በርሜል ይዞ ይሁን ሙሉ በርሜል፣ ባዶም ከሆነ ከየት ሊቀዳ እንዳሰበ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ነገሩን ከእኛ አካባቢ ልጆች ልጀምር። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። እዚህ ያደገ ሰው ጭቃን እንጂ ጥምን አያውቅም። በሾፌርነት፣ በወጥ ቤትነትና በጫኝነት ተቀጥረው ወደ አፋር የሚወርዱ ወጣቶቻችን ለጉዞ ሲሰናዱ ጃኬትና ብርድ ልብስ ሲያጣጥፉ፣ እናቶቻቸውም ቋንጣና በሶ ሲቋጥሩላቸው አያለሁ። ብርድ ልብሱ አይጠላም፤ የበረሃ ሌሊት በተለይ አፋሮች ጊላል በሚሉት ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ይቀዘቅዛል። ቋንጣው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጨውና በርበሬ የጠገበ ቋንጣ ቀትር ላይ የበላ ሰው ከሰዓት በኋላ የሁለት ሰው ውኃ ይጠጣል። ልምድ ያለው ወጥ ቤት በርበሬውን ቀንሶ፣ ሩዝና ሾርባ የሚያበዛው ለዚህ ነው። የሾርባው ውኃም ወደዚያው ሰው ሆድ ስለሚገባ አልባከነም።

ጉዞውን የሚያውቁት ያውቁታል። ከጅማ ማለዳ ተነሥቶ የጊቤን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በወልቂጤና በወሊሶ አዲስ አበባ ገብቶ ማደር፣ በማግስቱ በአዳማ አድርጎ መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅና ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እያዩ አዋሽ መድረስ ነው። እኔ ውኃ የማስጭነው አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ገዋኔ በሚያወጣው መንገድ ላይ ውኃ ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። ያለው ውኃ ባለቤት አለው ለማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ሒሳቡ ቀላል ቢሆንም ሳይሠራ የሚወጣ ቡድን ብዙ ነው። በሐሩር ውስጥ ሲራመድና ዕቃ ሲያነሣ የሚውል ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን ከስድስት እስከ አሥር ሊትር ውኃ ያስፈልገዋል። አሥራ አምስት ሰው ያለበት ካምፕ ለአሥር ቀን ቢቀመጥ፣ በሰው ስምንት ሊትር ብንይዝ እንኳ 1,200 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ሁለት መቶ ሊትር በሚይዘው በርሜል ስድስት በርሜል ሙሉ ማለት ነው። ለወጥ፣ ለዕቃ ማጠቢያ፣ ለራዲያተርና ለእንግዶቹ ገላ መታጠቢያ የሚሆነው ከዚህ ውጭ ነው፤ በእኔ ልምድ ከመጠጡ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። በተለይ እንግዳው ከአደን ሲመለስ በሸራ በተጋረደች መታጠቢያ ውስጥ እንደ ከተማ ሆቴል የሚያፈሰው ውኃ ሁልጊዜ ያንገበግበኝ ነበር። እርሱን ግን አልወቅስም፤ ውኃው ከየት እንደመጣ የነገረው የለምና።

የአጫጫኑም ነገር የራሱ ጥበብ አለው። ውኃ ሁሉ በአንድ ዕቃ አይጫንም። መንገዱ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ የተሸነተረ ስለሆነ፣ የበርሜሉ ጎን ከመኪናው ብሎን ጋር ሲፋተግ ይውልና የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ትፈጠራለች፤ ሾፌሩ ማታ ሲወርድ ጭነቱ ቀሎ ያገኘዋል። እኛ በየበርሜሉ መሐል አሮጌ ከመነዳሪ ቆርጠን እንጎዘጉዝ ነበር። የዘይት የነበረ ጀሪካን ምንም ቢታጠብ በፀሐይ ሲግል ሽታው ይመለሳል፤ ሰው ደግሞ የሚሸት ውኃ እያለለት ሳይጠጣ ይቀርና ሳያውቀው ይደክማል። ራስ ምታት ሲጀምረው፣ ሽንቱም እንደ ሻይ ሲጠቁር ነው የሚነቃው። ስለዚህ የመጠጡ ጀሪካን ለብቻው፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ፣ በኦ አር ኤስ (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት) ከረጢቶች ታጅቦ ይቀመጣል።

ጎማን በሚመለከት ብዙ አልልም። በአዋሽ ሸለቆ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ፣ አፋሮች ደርጊ ሐራ የሚሉት ዛፍ፣ እሾሁ የጎማ ጠላት ነው፤ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ከመነዳሪና መለጠፊያ ሳይያዝ ከአስፋልት መውጣት ዕብደት ነው። ጠመንጃውም በዚያ ሁሉ መንገጫገጭ መነጽሩ ከቦታው ስለሚነቃነቅ፣ ካምፕ እንደተደረሰ በወረቀት ዒላማ ላይ ተተኩሶ መስተካከል አለበት።

ስለ ሳላ፣ በእንግሊዝኛ ኦሪክስ ስለሚባለው ቀንደ ረጅም የዱር እንስሳ፣ ግን ጥቂት መናገር ግድ ይለኛል፤ የበረሃው አደን ዋና ተፈላጊ እርሱ ነውና። የሳላ ወንዱም ሴቷም ቀንድ አላቸው፤ እንዲያውም የሴቷ ቀንድ ቀጠን ብሎ ረዘም ይላል። ቀንድ ብቻ ዓይቶ የሚተኩስ እንግዳ ሴቷን የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀትር ላይ ከመሬት የሚነሣው ትኩሳት ምስሉን እያርገበገበ ስለሚያሳስት፣ አስተዋይ አዳኝ ማለዳና ወደ ማታ ካልሆነ አይተኩስም። እንስሳው የሰውነቱ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ እንኳ ላብ ሳያወጣ መታገሥ ይችላል፤ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም በአፍንጫው ውስጥ ከቀዘቀዘው ደም ጋር ተጎራብቶ ስለሚያልፍ አንጎሉ አይግልም። ሌሊት ጤዛ ያረጠበውን ቅጠል እየበላ ብዙ ቀን ሳይጠጣ ይቆያል። በደንብ ያልተመታ ሳላ እንግዲህ በዚያ ሐሩር ውስጥ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ ፈለግ ተከታዮቹ ግን ሰዎች ናቸው፣ የያዟት ኮዳ ስታልቅ ይመለሳሉ። የቆሰለ እንስሳ ሳይገኝ የሚቀረው አንዳንድ ጊዜ ከተኳሹ ስንፍና ይልቅ በተከታዮቹ ወገብ ላይ ካለው ውኃ ማነስ የተነሣ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ሳላ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ምድብ ውስጥ የገባ እንስሳ በመሆኑ፣ ቆስሎ የሚጠፋ አንድ ሳላ ቀላል ኪሣራ አይደለም።

ከተገደለም በኋላ ጥድፊያው አይቆምም። በዚያ ሙቀት እንግዳው ለማስታወሻ የሚወስደው ቆዳ በሰዓታት ውስጥ ካልተገፈፈና ጨው ካልጠጣ ፀጉሩ ይረግፋል። ገፋፊው ጆሮውን ገልብጦ፣ ከንፈሩን ሰንጥቆ፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ፍቆ ደቃቅ ጨው ያሻል፤ ድንጋይ ጨው ወደ ቆዳው ስለማይሰርግ አይሆንም። እጁን፣ ቢላዋውንና ሸራውን የሚያጥብበት ውኃም እንደገና ከዚያው በርሜል ነው የሚቀዳው።

አሁን ወደ ባለቤቶቹ ልመለስ። ውኃው ሳይበቃ የቀረ ካምፕ ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው። አንድ ጊዜ በቅርባችን የሠፈረ የሌላ ድርጅት ቡድን፣ ስሙን መጥቀስ አልሻም፣ አርብቶ አደሮች በእጃቸው ቆፍረው በየተራ ወደሚቀዱበት ጉድጓድ መጥቶ ትንሽ ሞተር አስገባበት። ሴቶቹ ከንጋት ጀምረው ወረፋ ይዘው ነበር፤ ፍየሎቹ ገንዳውን ከበው ይጮኻሉ። ቦቴው እስኪሞላ ድረስ የጉድጓዱ ውኃ ወርዶ ደፈረሰ፤ እንደገና እስኪያቆር የከብቱ ወረፋ ወደ ማታ ተላለፈ። ቡድኑ ገንዘብ ከፍሏል፤ ለማን እንደከፈለ ግን ከወረፋተኞቹ መካከል የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ፍየል በደረቅ ወቅት በቀን አምስት ሊትር ገደማ ብትጠጣ፣ ከላይ ያሰላሁት የአሥር ቀን የመጠጥ ውኃ የሁለት መቶ አርባ ፍየል የአንድ ቀን ድርሻ ነው። መንጋ እንኳ ባይኖር፣ ወደዚያ ውኃ በሌሊት የሚመጡት አምበራይሌውና ከርከሮው በሞተር ድምፅና በሰው ሽታ ይሸሻሉ፤ አዳኙ ራሱ ሊያድን የመጣውን እንስሳ እያባረረ ነው።

የአፋር ሰው መንገደኛን ሲያገኝ ቆሞ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደደረቀ፣ ማን ወዴት እንደወረደ በዚያ ይታወቃል። መኪናውን ሳያቆም አቧራ አልብሶ የሚያልፍ የአደን ቡድን ከወሬው ውጭ ይሆናል፤ ሊጠቅመው የሚችለውን ሁሉ ያጣል፣ ሲቸገርም የሚደርስለት አይኖርም። ለወጣቶቻችን የምነግራቸው የመጀመሪያ ምክር መኪና አቁማችሁ፣ ወርዳችሁ፣ ሰላምታ አቅርባችሁ፣ ስትጠየቁም ከየት እንደመጣችሁና ምን እንደምትፈልጉ ሳትደብቁ ተናገሩ የሚል ነው።

እንግዲህ ለፈቃድ ሰጪው አካል የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በቆላ የሚያድን ቡድን ፈቃዱን ከመውሰዱ በፊት የሰዉን ቁጥር፣ የቆይታውን ቀንና የሚጭነውን ውኃ መጠን በጽሑፍ ያቅርብ፤ የመጠጥና የማብሰያ ውኃውን በሙሉ ከከተማ ይዞ ይውረድ፤ ተጨማሪ ካስፈለገው ከጎሣው ሽማግሌዎች ጋር በግልጽ ተስማምቶ፣ ሞተር ሳያስገባ፣ መንጋው ከጠጣ በኋላ ይቅዳ። ከቡድኑ ጋር የሚሄደው ስካውት (የዱር እንስሳት ጠባቂ) የተተኮሰውን እንስሳ እንደሚመዘግብ ሁሉ ካምፑ የት እንደቀዳም ይመዝግብ። ካምፕ ከጉድጓድ አጠገብ አይተከል።

ይህ ወጪ ያበዛል የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ አብሬያቸው ስለሠራሁ ክርክራቸውን ሰምቼዋለሁ። ቦቴ መከራየት ርካሽ አይደለም፤ ነዳጅም እንደዚሁ። ሆኖም አንድ እንግዳ ለእንዲህ ያለ ጉዞ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር እየከፈለ፣ የአንድ ቦቴ ኪራይ ገበያውን ያፈርሳል ማለት ለእኔ አሳማኝ አይደለም። አብዛኞቹ እንግዶችም ቢነገራቸው ደስ ብሏቸው የሚከፍሉ ናቸው። ሌሎች ደግሞ አደኑ ከነአካቴው ይቁም ይላሉ፤ እርሱ ሌላ ክርክር ነው፣ በዚህ ደብዳቤ አልገባበትም። አደኑ በሕግ እስከተፈቀደ ድረስ ግን የአካባቢውን ሰው ውኃ እየጠጣ መካሄድ የለበትም።

ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች አቅርቦ መልሳቸውን እንዲያስነብበን በትሕትና እጠይቃለሁ። የሚቻል ቢሆን አፋሮች ሐጋይ የሚሉት የግንቦትና የሰኔ ሐሩር ከመግባቱ በፊት ቢሆን መልካም ነው፤ በዚያን ጊዜ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለው ወረፋ እጅግ ይረዝማልና።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የአደን ካምፕ አቅርቦት ሠራተኛ
ጅማ፣ ሂርማታ