ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ፦ እንቆቆ እንጠጣ እንደሆነ ጠይቁን

ለተከበሩ የመምሪያው ኃላፊ፣

ደብረ ብርሃን የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባለፈው ወር አክስቴን ልጠይቃት ሄጄ መደርደሪያዋ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ እንቆቆ አየሁ። ቁንዶ በርበሬ የምታክል ቀላ ያለች ፍሬ ናት፤ ልጆች ሳለን ለኮሶ ትል ተወቅጣ በባዶ ሆድ የምንጋተው። አክስቴ ግን የገዛችው ለጡት ካንሰሯ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ሲኒ ትጠጣለች፤ ሐኪም ያዘዘላትን ታሞክሲፌን የተባለ የጡት ካንሰር ኪኒን ከተወች ሦስት ሳምንት አልፏታል። ሻጩ «ሳይንስ ያረጋገጠው» የሚል ጽሑፍ በስልኩ አሳይቷት ኖሯል።

ያናደደኝ ጽሑፉ ጨርሶ ውሸት አለመሆኑ ነው። እንቆቆ ውስጥ ኤምቤሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የተበላሸ ሴል ራሱን እንዲያጠፋ መልእክት ሲደርሰው ትእዛዙን የሚፈጽሙት ካስፔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ብዙ የካንሰር ሴሎች ታዲያ ኤክስ.አይ.ኤ.ፒ. የተባለውን ፕሮቲን አብዝተው እነዚህን ኢንዛይሞች ጠፍረው ይይዛሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ኤምቤሊን ፕሮቲኑ ከኢንዛይሞቹ አንዱን፣ ካስፔዝ 9ን፣ የሚይዝበት ቦታ ላይ ራሱ ይገባበታል፤ ያኔ ሴሉ ወደ ሞቱ ያመራል። ይህ የታየው ግን ላብራቶሪ ውስጥ ባደጉ ሴሎች ላይ ነው። ኤምቤሊን ደግሞ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ከዚያች ሲኒ ምን ያህሉ ከሆድ አልፎ ዕጢው ዘንድ እንደሚደርስ ለአክስቴ የለካላት ማን ነው?

ቅጠላ ቅጠልን ማጣጣሌ አይደለም። በደም ሥሯ የተሰጣት ፓክሊታክሴል የተባለው የካንሰር መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። ይህን ስነግራት ሳቀች፤ «ታዲያ ምን ትቆጣኛለህ?» አለችኝ። እሱ መጠኑ ተለክቶ፣ ጉዳቱ ተመዝግቦ፣ በሕሙማን ላይ ተሞክሮ ነው የመጣው አልኳት።

«ለሐኪምሽ ለምን አልነገርሽም?» ስላት፣ «ይቆጡኛል ብዬ ነዋ!»

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። በዞኑ የጤና ተቋማት የሕሙማን ካርድ ላይ «የሚወስዱት የባህል መድኃኒት አለ? ያቋረጡት ኪኒንስ?» የሚል መስመር ይጨመር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ይህንኑ ይጠይቁ። አጠያየቁ ግን ቁጣ የሌለበት ይሁን። ሻጮቹን ከገበያ አባሩልን አላልኩም፤ ያኔ ነገሩ ጓዳ ገብቶ ጭራሽ አንሰማውም።

አክስቴን ይዣት ሐኪሟ ዘንድ ሄደናል፤ ኪኒኑን ጀምራለች። የሚያደርሳት የወንድም ልጅ የሌላትስ?

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር፣ ደብረ ብርሃን