ወደ ሐይቅ ዳር ለምትጓዙ አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣

በመጪዎቹ የዕረፍት ቀናት ከቤተሰቦቻችሁ ጋር ወደ ሐይቅ ዳር ለመሄድ ያሰባችሁ ብዙዎች በመሆናችሁ፣ ቆይታችሁን በሚገባ እንድታጣጥሙት ጥቂት ነገር ለማስታወስ እንወዳለን። ከሁሉ በፊት፣ ማለዳው በእንቅልፍ እንዳያልፋችሁ አደራ እንላለን። ውሃ ከየብስ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ፣ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው መንፈስ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ግን ውሃው አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ነው፤ ወፎችም ምግባቸውን በትጋት የሚፈልጉት በዚሁ ሰዓት ነው። ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሸንበቆው አጠገብ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቢቀመጡ፣ ባለ ረጅም እግር የውሃ ወፍ ሳትነቃነቅ ቆማ ዓሣ ለመያዝ ስታደባ፣ የውሃ ተርብም ክንፎቿን እንደዘረጋች ቅጠል ላይ ስታርፍ ሊያዩ ይችላሉ። ይህን አብሮ ማየት፣ በእኛ እምነት፣ ከየትኛውም የተዘጋጀ መዝናኛ ይበልጣል።

መስጠም ብዙ ጊዜ ያለ ጩኸት የሚደርስ አደጋ ስለሆነ፣ ልጆች ውሃ ውስጥ ሲሆኑ አንድ አዋቂ ስልኩን አስቀምጦ በየተራ እነሱን ብቻ ይጠብቅ። ጀልባ ላይ ዋና የሚችሉትም ጭምር የሕይወት አድን ጃኬት ይልበሱ። ስትመለሱ ቆሻሻችሁን፣ በተለይም የወፎችን እግር የሚተበትበውን የዓሣ ማጥመጃ ክር፣ ሰብስባችሁ እንድትወስዱ በአክብሮት እንጠይቃለን።