«ስንተኛ ወጣ?» ስለ 9ኛ ክፍል ካርድ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የ9ኛ ክፍል ውጤት አሰጣጥ ለወላጅ እንዲብራራ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የ9ኛ ክፍል ልጅ ያለን ወላጆች ካርድ እንቀበላለን፣ እንፈርማለን፣ እንመልሳለን። የፈረምንበት ወረቀት ምን እንደሚል ግን አብዛኞቻችን አናውቅም። የወላጅ ግድየለሽነት ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ካርዱ ራሱ ለእኛ እንዲገባን ተብሎ የተሠራ አይደለም።

ለምን 9ኛ ክፍልን እንደመረጥኩ ልናገር። ልጁ 8ኛ ላይ ሚኒስትሪ ይፈተናል (እናንተ ሌላ ስም አላችሁ፣ ሰፈር ውስጥ ግን አሁንም ሚኒስትሪ ነው)። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ አካል የሚመዝነው 12ኛ ሲደርስ ነው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። መቅረቱን አልቃወምም፤ ስንቱን ልጅ በጊዜ ከመንገድ እንዳስቀረ እናውቃለን። ግን አንድ ጥቅም ነበረው፣ ልጃችን የት እንዳለ ከትምህርት ቤቱ ሌላ የሚነግረን ነበር። አሁን በመሃል ባሉት ዓመታት በእጃችን ያለው ያ ካርድ ብቻ ነው።

ከዚያ የ12ኛው ውጤት ይመጣል። በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ያላለፉት እኮ ካርዳቸው ላይ «ተዛውሯል»፣ «ተዛውራለች» እየተባለ 12ኛ የደረሱ ልጆች ናቸው። 75 እና 80 አማካይ የተጻፈበት ካርድ በየቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ወላጅ ውጤት የወጣ ቀን «ምን ነካብኝ ልጄን?» ይላል። ፈተናው ግን የሚወጣው ከ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከ9ኛ ጀምሮ ካሉት ነው፤ 9ኛ ላይ ያልገባው ሒሳብ ዝም ብሎ ቆይቶ 12ኛ ላይ ይወጣል።

እስቲ ካርዱን አብረን እንየው። የትምህርት ዓይነቶቹ በቁመት ተደርድረዋል። 1ኛ ሴሚስተር፣ 2ኛ ሴሚስተር፣ አማካይ። ታች ድምር፣ ደረጃ፣ ፀባይ፣ የቀረበት ቀን። ከዚያ የወላጅ ፊርማ። ለምሳሌ ፊዚክስ 64 ይላል። 64 ምን ማለት ነው? ትምህርት ቤቱ ከ60 በተከታታይ ምዘና፣ ከ40 ደግሞ በፋይናል የሚይዝ ነው እንበል። አንዱ ልጅ ከ60ው 48 አምጥቶ ፋይናሉን ከ40 16 ያገኛል። ሌላዋ ከ60ው 30 አምጥታ ፋይናሉን 34 ትሠራለች። ሁለቱም ካርድ ላይ 64 ናቸው። የመጀመሪያው የቡድን ሥራው፣ ደብተሩና የቤት ሥራው አሳልፎታል፤ ብቻውን ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ግን ግማሹንም አልሠራም። እሷ ትምህርቱ ገብቷታል፣ የቤት ሥራ አታስረክብም። ለአንዱ አስጠኚ ያስፈልገዋል፣ ለሌላዋ ቁጣ ቢጤ ይበቃታል። ወላጅ ይህን ከየት ይወቅ? የቡድን ሥራውንማ ተዉት፣ አንድ ጎበዝ ሠርቶት አምስት ልጅ እኩል ይወስዳል።

አማካዩም ያው ነው። ሒሳብ 41፣ ስፖርት 93። ተደምሮ ሲካፈል ያምራል። ልጁ 11ኛ ላይ ተፈጥሮ ሳይንስ ልግባ ሲል ስፖርቱ አያግዘውም።

ደረጃ ግን ከሁሉም ይብሳል። ካርድ በተሰጠ ቀን ጎረቤት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ስንተኛ ወጣ?» 60 ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉም ከ50 በታች ቢያመጣ እንኳ አንደኛ የሚወጣ አይጠፋም። ዶሮ ወጥ ይሠራለታል።

ሌላም ማንም በጊዜው የማይነግረን ነገር አለ። 12ኛን ጨርሶ ውጭ አገር ለመማር የሚያመለክት ልጅ በአብዛኛው የሚጠየቀው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ትራንስክሪፕት ነው። የ9ኛው ውጤት እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ብዙ ቤት ግን 9ኛና 10ኛ እንደ ማረፊያ ነው የሚቆጠሩት፣ «ዋናው 12ኛ ነው» እየተባለ።

ቋንቋውም አለ። በአንዳንድ ክልሎች ልጁ እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ቆይቶ 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። እናቱ 8ኛ ላይ የሳይንሱን ደብተር ይዛ ትጠይቀው ነበር። አሁን መጽሐፉን ገልጣ ትዘጋዋለች። በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ ሲወርድ ሰነፈ ነው ወይስ ቋንቋው ነው? ካርዱ አይለይም።

የወላጅ ስብሰባ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ስለ አጥር፣ ስለ መዋጮና ስለ ዩኒፎርም እናወራለን። ከዚያ የክፍል ኃላፊው ፊት ተሰልፈን ሁለት ደቂቃ እናገኛለን፤ መምህሩም ምን ያድርግ፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ በር አልፎ ወጥቷል። «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይበርታ» ይለኛል። ይሄ ለማንም ልጅ ይሆናል።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። በ9ኛ ክፍል ምዝገባ ጊዜ ለእያንዳንዱ ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠው። ውጤቱ ከምን ከምን እንደሚሰበሰብ፣ ለመዛወር ስንት እንደሚያስፈልግ፣ የ12ኛው ፈተና ከየት እንደሚጀምር ይናገር። ማንበብ ለማይችል በወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ስብሰባ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ከመዋጮው በፊት ቢሆን ደግሞ ጥሩ። ካርዱ ላይ ፋይናሉ ለብቻው ይጻፍ። ከደረጃው ጎን የክፍሉ አማካይ ውጤት ይጨመርልን። በሴሚስተሩ አጋማሽ ላይም በሁለት በሦስት ትምህርት የወደቀ ልጅ ወላጅ ይጠራ፤ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ብንጠራ ከመቆጣት ሌላ የምናደርገው የለንም።

ካርድ የክልልና የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ እገምታለሁ። የሁለተኛ ደረጃውን ሥርዓተ ትምህርት የምታወጡት ግን እናንተ ናችሁ፣ የ12ኛውም ፈተና ከእናንተው ነው የሚመጣው። ለሁሉም ክልል የሚሆን አንድ ገጽ ናሙና አዘጋጅታችሁ ብትልኩ ቢሮዎቹ ተርጉመው ያባዙታል። የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ይደርሳል፣ ከተፈለገ።

ከሠላምታ ጋር
አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ወላጅ

ግልባጭ፦
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች
ካርድ ለሚፈርም ወላጅ ሁሉ