እንዝርቱን የሚያሾረው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው በሳይንስ ገጻችሁ ስለ ሴል ክፍፍል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን ዋናው ነገር ቀርቶበታል።

ጽሑፉ ሴል ሲከፈል ሴንትሪዮል የሚባሉ ጥቃቅን የሴል አካላት በሁለት ጫፍ ሆነው ክር ይዘረጋሉ (ክሮቹ በአንድነት ቅርጻቸው እንዝርት ስለሚመስል እንዝርት ይባላሉ)፣ ክሩ ዲኤንኤ የተሸከሙትን ክሮሞሶሞች ይጎትታል ይልና እዚያው ያቆማል። እኔም ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ለዓመታት እንደዚያው ነበር የማስተምረው። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እናቴ ስትፈትል እንዝርቱን የምታሾረው በእጇ ነው፤ የሴሉንስ እንዝርት ማን ነው የሚሠራው?» አለችኝ። «ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ አለፍኳት። እስካሁን ይቆጨኛል።

መልሱ ያለው እንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ነው። ዜኖፐስ የምትባል የአፍሪካ እንቁራሪት አለች፤ የእሷ ዘመድ የሆነች ዝርያ በእኛም አገር ደጋ ትኖራለች። እንቁላሏ ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ የጤፍ ፍሬ በሉት። ለሴል ግን ይህ ግዙፍ ነው። ተመራማሪዎች ብዙ እንቁላል ሰብስበው ሴንትሪፊውጅ በሚባል መሣሪያ በፍጥነት ያሽከረክሩትና ከመሃል ያለውን ጭማቂ ይወስዳሉ፤ የሚገርመው ጭማቂው ከሴሉ ወጥቶም፣ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ሆኖም ሥራውን አይተውም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ሬቤካ ሂልድ እና ባልደረቦቿ ጀርመን አገር፣ ሃይደልበርግ ውስጥ፣ በዲኤንኤ የተለበጡ ጥቃቅን ዶቃዎች እዚህ ጭማቂ ውስጥ ጨመሩ። ሴንትሪዮል የለም። እውነተኛ ክሮሞሶም እንኳ የለም። ግን ሁለት ጫፍ ያለው እንዝርት በዶቃዎቹ ዙሪያ ተሠራ!

እንዴት? ክሮቹ ማይክሮቲዩቡል ይባላሉ፣ 25 ናኖሜትር ውፍረት ያላቸው፣ የሚረዝሙና የሚያጥሩ ቱቦዎች ናቸው። መጀመሪያ በዶቃዎቹ ዙሪያ ያለ ሥርዓት ይበቅላሉ። ከዚያ በክሩ ላይ የሚራመዱ ፕሮቲኖች ይመጣሉ፤ የሴሉን ነዳጅ፣ ኤቲፒን፣ እያቃጠሉ የሚሄዱ ሞተሮች ናቸው። ኪኒሲን ከሚባሉት ሞተሮች ወገን የሆነው ኢጂ-5 በሁለቱም በኩል እግር አለው፤ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጋደሙ ሁለት ክሮችን ይይዝና በሁለቱም ላይ እየተራመደ ያራርቃቸዋል። ዳይኒን የሚባለው ሌላው ሞተር ደግሞ የክሮቹን አንድ ወገን ጫፍ እየሰበሰበ በአንድ ቦታ ያስራል፣ አጫጅ የጤፍ ነዶ እንደሚያስረው። ዳይኒንን ሥራ ብታስፈቱት ነዶው ይፈታና ጫፉ ይበተናል፤ ኢጂ-5ን ብታስፈቱት ደግሞ ክሮቹ ሁለት ጫፍ መሥራት ያቅታቸውና አንድ ኮከብ መስለው ይቀራሉ። እንዝርቱን ያቆመው እንግዲህ የእነዚህ ተራማጆች መገፋፋትና መሰብሰብ ነው፣ ከላይ ሆኖ የሚያዝዝ የለም።

ሴንትሪዮል ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም። ባለበት ሴል ክር የሚበቅልበት ማዕከል ነው። ግን ብቸኛ ባለቤት አድርገን ማስተማራችን ልክ አይደለም። ነገሩ ከመማሪያ ክፍልም ያልፋል፣ ለካንሰር ሕክምና የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የሚሠራው እነዚሁ ክሮች እንዳይገጣጠሙ በማድረግ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህንን በሚቀጥለው እትም እንድታወጡልኝ ነው፣ ከተቻለም ከሥዕል ጋር። የእኛ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ቀፎ እንጂ ሌንስ የለውም ማለት ይቀላል፤ ክረምት ሲገባ ግን ሜዳው ሁሉ ጓጉንቸር ነው። አዲስ የተጣለ እንቁላል በብርጭቆ ውሃ ይዞ፣ በአጉሊ መነጽር አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሲሆን ማየት ይቻላል፤ የዜኖፐስ የመጀመሪያው ክፍፍል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ቀጣዮቹ በየግማሽ ሰዓቱ ይመጣሉ። መምህራን ይሞክሩት።

ያቺ ተማሪዬ ይህን ካነበበች፦ ጥያቄሽ ትክክል ነበር። ያን ቀን መልሱን አላውቀውም ነበር።

የባዮሎጂ መምህር፣
ከምሥራቅ ጎጃም